ስጦታም መርዝም ስለ ሆነ አንድ ቃል

በሰሜንና በምዕራብ አውሮፓ በሚነገሩ ልሳናት ውስጥ በአራት የላቲን ፊደላት የሚጻፍ፣ በእኛም ፊደል «ጊፍት» ተብሎ ሊጻፍ የሚችል አንድ አጭር ቃል አለ፤ እንግሊዛዊው ይህን ቃል ሲሰማ ልቡ ወደ ስጦታ ይሄዳል፤ ጀርመናዊው ሲሰማው መርዝን ያስባል፤ ስዊድናዊው፣ ዴንማርካዊውና ኖርዌያዊው እንደ ዐረፍተ ነገሩ አኳኋን አንድ ጊዜ መርዝ፣ ሌላ ጊዜ ትዳር የያዘ ሰው ማለት እንደ ሆነ ይረዳሉ፤ ሆላንዳዊው ደግሞ ለበጎ ሥራ የሚለግሰውን ገንዘብ በዚሁ ቃል ይጠራውና የመጨረሻውን ፊደል ብቻ ሲቀንስለት መርዝ ይሆንበታል። እነዚህ ሕዝቦች ጎረቤታሞች ናቸው፤ በባሕርም በየብስም ሲነግዱ፣ ሲዋጉና ሲጋቡ ከሺህ ዓመት በላይ ኖረዋል፤ ልሳናቸውም የአንድ ቤተ ዘመድ ልሳን ነው። እንዲህ ሆነው ሳሉ አንዱ ለወዳጁ በደስታ የሚያበረክተውን ነገር የሚጠራበት ድምፅ፣ ለሌላው የሞት ማስጠንቀቂያ ሆኖ በጠርሙስ ላይ ይለጠፋል።

ይህን እንደ ቀላል ጨዋታ አይቶ ማለፍ ይቻላል፤ ብዙዎችም እንዲሁ ያልፉታል። ረጋ ብሎ ለሚያስብ ሰው ግን ከዚህ ትንሽ ቃል በስተኋላ ለፍልስፍናም ለሃይማኖትም ታላቅ የሆነ ጥያቄ ይታየዋል፤ ይኸውም የቃል ትርጓሜ ማደሪያው ወዴት ነው? የሚል ነው። በድምፁ ባሕርይ ውስጥ አብሮ የተፈጠረ ነውን? እግዚአብሔር በመጀመሪያ ከነገሩ ጋራ አቈራኝቶ የሰጠው ነውን? ወይስ በሚናገሩትና በሚሰሙት ሰዎች መካከል በስምምነት የጸና አደራ ነው? ይህ ነገር ለሰዋስው መምህራን ብቻ የተተወ እንዳይመስለን፤ በአራተኛው መቶ ዓመት ስለ ወልድ አምላክነት በተደረገው ታላቅ ክርክር ውስጥ ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን በብርቱ የታገሉበት ነጥብ ነበርና።

ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት፣ በድምፅ ወይም በጽሕፈት ተመሳስለው በትርጓሜ የሚለያዩት ቃላት ሁለት ወገን መሆናቸውን ማስተዋል ይገባል። ኢጣሊያዊ ቅቤን «ቡሮ» ይላል፤ እስፓኛዊም አህያን «ቡሮ» ይላል፤ የመጀመሪያው ከላቲኑ የቅቤ ስም፣ ሁለተኛው በኋለኛው ዘመን ላቲን ትንሽ ፈረስ ይጠራበት ከነበረው ቃል የወረደ ስለ ሆነ በመካከላቸው ዝምድና የለም። «ሳሊር» በእስፓኝ ቋንቋ መውጣት፣ በፈረንሳይ ቋንቋ ማቈሸሽ ማለት ነው፤ እነዚህም ከተለያየ አገር ተነሥተው በአንድ ገበያ እንደ ተገናኙ መንገደኞች ናቸው እንጂ ወንድማማች አይደሉም። ፈረንሳዊ ዳቦውን የሚጽፍበትና እንግሊዛዊ ሕመሙን የሚጽፍበት ፊደል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነው፤ ንባባቸው ብቻ ይለያል፤ የአንደኛው ምንጭ ግን በላቲን ዳቦ፣ የሁለተኛው ምንጭ ቅጣት ማለት ነበር። አንድ ሰባኪ ይህን አይቶ፣ እነሆ ምግብና ሥቃይ በምስጢር አንድ መሆናቸው ተገለጠ ብሎ ቢያስተምር፣ ቃሉ ለጆሮ ይጣፍጥ ይሆናል እንጂ እውነት አይሆንም። በአጋጣሚ የተገናኙትን ድምፆች የመለኮት ምልክት አድርጎ መተርጐም በየአገሩና በየዘመኑ የሚገኝ ፈተና ነው፤ ከእንዲህ ያለው ትርጓሜ መራቅ ሃይማኖትን ማክበር ነው ብዬ አምናለሁ።

«ጊፍት» ግን ከዚያ ወገን አይደለም። በሁሉም ዘንድ የሚገኘው ቃል ከአንድ ሥር የበቀለ ነው፤ ሥሩም የጀርመን ነገድ ልሳናት ሁሉ የሚጋሩት፣ «መስጠት» የሚለው ግስ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ የምንመረምረው አጋጣሚን ሳይሆን ታሪክን ነው፤ ይኸውም አንዱ መስጠት እንዴት ወደ ጋብቻ፣ ወደ ዕድልና ወደ ሞት መንገዱን እንደ ከፈለ ነው።

የጥንቶቹ አንግሎ ሳክሶን ይህን ቃል ሲናገሩት የመጀመሪያው ድምፅ እንደ «ይ» የላላ ነበር፤ ትርጓሜውም ሙሽራው ስለ ሙሽሪት የሚሰጠው ማጫ ነበር፤ በብዙ ቍጥር ሲነገር ደግሞ ሠርግ ማለት ይሆን ነበር። ዛሬ የምንሰማው በ«ጊ» የሚጀምረውና ለማንኛውም ስጦታ የሚሆነው የእንግሊዝ ቃል፣ ከባሕር ማዶ መጥተው በዚያች ደሴት ከሰፈሩት የሰሜን ሰዎች ቋንቋ የተወሰደ ነው። እንግዲህ ስዊድናዊው ዛሬ ያገባ ሰው ሲል የሚይዘውን ትርጓሜ የእንግሊዛውያን አያቶችም ያውቁት ነበር ማለት ነው። በጥንቱ የስዊድን ሕግ ሴት ልጅ የምትሰጥ ነበረችና፣ እርስዋን ለመዳር ሥልጣን ያለው አባት ወይም ሞግዚት ከዚሁ ሥር በወጣ ስም «ጊፍቶማን» ይባል ነበር፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1734 በወጣው የስዊድን የሕግ መጽሐፍ ውስጥም ስለ ጋብቻ የሚናገረው ክፍል የተሰየመው ከዚያው ቃል ነው። ይህ አሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በአገራችን ሽማግሌዎች ለልጅቱ ወላጆች ቆመው «ልጅዎን ለልጃችን ይስጡልን» ብለው ይለምናሉ፤ በአማርኛም «ሰጠ» ማለት ዳረ ማለት የሚሆንበት ስፍራ አለ። አይስላንዳውያን ደግሞ ከዚሁ ሥር የወጣውን «ጊፍታ» የሚለውን ቃል ለመልካም ዕድል ያውሉታል፤ ዕድልም ሰው በራሱ የማያመጣው፣ የሚሰጠው ነገር ነውና ስሙ ይገባዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የጀርመኑ መንገድ ነው። በጥንቱ የጀርመን ቋንቋም ቃሉ መስጠትና ስጦታ ማለት ነበር፤ የዚህም ቅሬታ «ሚትጊፍት» በሚለው ቃል ውስጥ እስከ ዛሬ ይኖራል፤ ይህም ሙሽራ ከአባቷ ቤት ይዛው የምትሄደው ንብረት ነው። ነገር ግን የግሪክ ሐኪሞች ለበሽተኛ የሚሰጠውን የመድኃኒት ልክ «ዶሲስ» ይሉት ነበር፤ «ዶሲስ» መስጠት ማለት ነው፤ በእኛም አገር በየጤና ጣቢያው «ዶዝ» ሲባል የምንሰማው ይኸው ቃል ነው። ቃሉ ከግሪክ ወደ ላቲን ገባ፤ ጀርመኖችም በራሳቸው ቋንቋ መስጠት ማለት በሆነው ቃል ተረጐሙት። ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ልክ የሚያድን ሳይሆን የሚገድል በሆነ ጊዜ፣ ሰዎች የመርዝን ክፉ ስም በአፋቸው መጥራት ቀፈፋቸውና «የተሰጠው» እያሉ ይሸፍኑት ጀመር፤ ዘመን እየረዘመ ሲሄድ ግን መሸፈኛው ከተሸፈነው ነገር ጋራ ተዋሐደና ያ መልካም ስም ራሱ የሚያስፈራ ስም ሆኖ ቀረ፤ የቀድሞው የስጦታ ትርጓሜም ከጀርመኖች አንደበት ጠፋ።

ይህ የጀርመኖች ጠባይ ብቻ አይደለም። ፈረንሳዮችና እንግሊዞች መርዝን የሚጠሩበት ቃል በላቲን መጠጥ ማለት ከነበረው ቃል የወጣ ነው፤ ግሪኮችም «ፋርማኮን» በሚለው አንድ ቃል የሚፈውሰውንም የሚገድለውንም ይጠሩበት ነበር። ወደ ራሳችን ብንመለስ፣ «መድኃኒት» የሚለው ቃላችን ከድኅነት የወጣ፣ ጌታችንን መድኃኔ ዓለም ብለን የምንጠራበት የከበረ ቃል ሆኖ ሳለ፣ ስለ አንድ ሰው «መድኃኒት አበሉት» ሲባል የሰማ ሁሉ ሰውዬው ተፈወሰ ብሎ አያስብም፤ ክፉ እንደ ተደረገበት ያውቃል። ከጀርመን ደን እስከ ሐበሻ ደጋ ድረስ የሰው አንደበት ሞትን በመልካም ስም ሸፍኖ አሳልፏል፤ የሸፈነበትም ስም ብዙ ጊዜ ከመስጠት፣ ከመጠጣትና ከመዳን የተወሰደ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ መርዝ እንደ ሰይፍ በግልጥ አይመጣም፤ የሚመጣው በእጅ ተሰጥቶ፣ በጽዋ ተቀድቶ፣ ታምኖ ነው።

ፈረንሳዊው የማኅበራዊ ኑሮ ሊቅ ማርሴል ሞስ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1924 ስለዚሁ ስለ «ጊፍት» አንድ አጭር ጽሑፍ ጽፏል፤ በሚከተለውም ዓመት ስለ ስጦታ የታወቀውን ታላቁን ድርሰቱን አውጥቷል። በአጭሩ ጽሑፉ የጥንቶቹ ጀርመናውያን ስጦታ በተለይ በአንድነት የሚጠጣ መጠጥ እንደ ነበረ፣ ጽዋውን የሚቀበለውም ሰው የተሰጠው መልካም ይሁን ወይም መርዝ ፈጽሞ ሊያረጋግጥ እንደማይችል አስታውሶ፣ የቃሉን ሁለት ፊት ከዚህ ጥርጣሬ ጋራ ያገናኘዋል። በትልቁ ድርሰቱም ሰዎች የመስጠት፣ የመቀበልና የመመለስ ግዴታ እንዳለባቸው፣ የተቀበለ ሁሉ ለሰጪው ባለ ዕዳ እንደሚሆን በብዙ ሕዝቦች ልማድ አሳይቷል። በእኔ አስተያየት የቃሉን ታሪክ ለመረዳት የሐኪሞቹ «ዶሲስ» ይበቃል፤ ሞስ የሚጨምርልን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሰዎች ያን መሸፈኛ ሲያገኙት ለምን እንደ ተስማማቸው ያስረዳናል። ከእርሱ በኋላ የመጣው የቋንቋ ሊቅ ኤሚል ቤንቬኒስት ደግሞ «ዶሲስ» የወጣበት ጥንታዊ ሥር በግሪክ መስጠት ማለት ሲሆን፣ በጥንቱ በኬጢያውያን ቋንቋ መውሰድ ማለት መሆኑን አስገንዝቧል፤ ይህም የሚያሳየው መስጠትና መውሰድ ከመለያየታቸው በፊት አንድ ግስ እንደ ነበሩና አቅጣጫውን የሚወስነው አነጋገሩ እንደ ነበረ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አፍላጦን «ክራጥሎስ» በተባለው መጽሐፉ ሁለት ሰዎችን በሶቅራጥስ ፊት ያከራክራል፤ ክራጥሎስ እያንዳንዱ ነገር ከባሕርዩ የሚገባው ትክክለኛ ስም አለው ይላል፤ ሄርሞጌኔስ ስም በስምምነትና በልማድ እንጂ በባሕርይ አይጸናም ይላል። ሶቅራጥስ መጀመሪያ ለባሕርይ ወገን ብዙ ምክንያት ያቀርባል፤ በኋላ ግን አቴናውያን ጥንካሬን የሚጠሩበትን ቃል ሌሎች ግሪኮች መጨረሻውን በሌላ ፊደል እየለወጡ እንደሚጠሩት፣ በቃሉም መካከል ለልስላሴ የሚስማማ ድምፅ እንዳለበት፣ ሆኖም ሁሉም በልማድ እንደሚግባቡ አሳይቶ፣ በመጨረሻ ነገሮችን ከስማቸው ሳይሆን ከራሳቸው መማር ይሻላል ወደሚል ፍርድ ያዘነብላል። አርስጣጣሊስም የሕዝቦች ድምፅና ጽሕፈት እንደሚለያይ፣ በነፍስ ውስጥ የሚቀረጸው ግን ለሁሉ አንድ እንደ ሆነ አስተምሯል።

ነገሩን ከሁሉ ይልቅ ወደ እኛ ጥያቄ ያቀረበው የአፍሪቃው ሊቅ አውግስጢኖስ ነው። ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት በጻፈው መጽሐፍ በሁለተኛው ክፍል፣ «ቤታ» የሚለው አንድ ድምፅ በግሪኮች ዘንድ የፊደል ስም፣ በላቲኖች ዘንድ የአትክልት ስም እንደ ሆነ፣ «ሌጌ» ሲባል ግሪካዊ ተናገር፣ ላቲናዊ አንብብ እንደ ተባለ አድርጎ እንደሚሰማ፣ በመስቀል አምሳል የሚጻፈውም ፊደል በሁለቱ ዘንድ የተለያየ ኀይል እንዳለው ያመለክታል። ከዚህም የሚያወጣው ፍርድ እንዲህ የሚል ነው፤ ሰዎች በእነዚህ ምልክቶች የተስማሙት ምልክቶቹ አስቀድመው ትርጓሜ ስለ ነበራቸው አይደለም፤ ትርጓሜ ያገኙት ሰዎች ስለ ተስማሙባቸው ነው። ሰሜናዊው «ጊፍት» በዘመኑ ተነግሮት ቢሆን ኖሮ ከ«ቤታ» ይልቅ እርሱን በመረጠ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ «ቤታ» በአጋጣሚ የተገናኘ ድምፅ ሲሆን «ጊፍት» ግን ከአንድ ሥር ወጥቶ እንኳ ስምምነቱ ሲለወጥ ትርጓሜው ከሕይወት ወደ ሞት እንደሚሻገር ያሳያልና።

ይህ ትምህርት ለሃይማኖት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የተገለጠው ግን በምሥራቅ ነው። ከአርዮስ ወገን የነበረው የኪዚቆስ ኤጲስ ቆጶስ አውኖምዮስ፣ ስሞች ከእግዚአብሔር የተሰጡና የነገሮችን ባሕርይ የሚገልጡ ናቸው ብሎ ያስተምር ነበር፤ ስለዚህም «ያልተወለደ» የሚለው ስም የእግዚአብሔርን ባሕርይ ፈጽሞ ያስታውቃል፣ ወልድም የተወለደ ስለ ሆነ ባሕርዩ ከአብ ባሕርይ የተለየ ነው ወደሚል ክሕደት ደረሰ። የክርክሩ ሥር የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ስም ባሕርይን በውስጡ የያዘ ከሆነ፣ ስምን ያወቀ አምላክን አወቀ፣ በቃላት ልዩነትም መለኮት ይከፈላል ማለት ይሆናል። ባስልዮስ ዘቂሳርያ በመጀመሪያ መለሰለት፤ እርሱም በ379 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ካረፈ በኋላ ወንድሙ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ክርክሩን ተቀብሎ እስከ መጨረሻ አደረሰው።

ጎርጎርዮስ እንዲህ ይላል፤ እግዚአብሔር ለሰው የሰጠው የማሰብንና የመናገርን ኀይል ነው፤ ስሞቹን ግን ያወጣ ሰው ነው፤ ቤት የመሥራትንም ጥበብ የሰጠ እርሱ ሆኖ ሳለ፣ እያንዳንዱን ቤት የሚያንጸው ሰው እንደ ሆነ ሁሉ። ለዚህም ምስክር አድርጎ የሰማይን ስም ይጠራል፤ ግሪካዊው፣ ዕብራዊው፣ ሮማዊው፣ ሶርያዊው፣ ግብጻዊውና ሌላውም ሕዝብ ሰማይን በየራሱ ድምፅ ይጠራዋል፤ ሰማይ ግን አንድ ነው። በኦሪት ዘፍጥረትም እግዚአብሔር እንስሳትን ወደ አዳም ያመጣው ምን ብሎ እንደሚጠራቸው ሊያይ ነው ተብሎ ተጽፏል፤ ስም የማውጣትን ሥልጣን ለሰው መተዉ በዚህ ይታወቃል። ስለዚህ የመለኮት ባሕርይ ከስም ሁሉ በላይ ነው፤ ስሞቻችን እርሱን ለማመስገን ይረዱናል እንጂ አይወስኑትም። ቤተ ክርስቲያናችን እነዚህን አባቶች በቅዳሴ ስትጠራቸው፣ ቃላቸውንም በሃይማኖተ አበው ስታነብብ የኖረችው የወልድን አምላክነት ስላጸኑ ነው፤ ያን ለማጽናት ስለ ቃል ባሕርይ ይህን ያህል ማሰብ እንዳስፈለጋቸው ግን ከተማሪዎቻችን መካከል የሚያስታውሰው ጥቂቱ ነው።

አንድ ተቃዋሚ ተነሥቶ፣ ትርጓሜ በስምምነት ከሆነ እንግዲያስ ቃል ሁሉ ልብ ወለድ ነው፣ ማንም እንደ ፈለገ ሊያደርገው ይችላል ይል ይሆናል። ይህ ግን አይከተልም። ስምምነት የአንድ ሰው ፈቃድ አይደለም፤ የሙታንና የሕያዋን አደራ ነው። በጀርመን አገር አንድ ሰው ብቻውን ተነሥቶ «ጊፍት» ማለት ስጦታ ነው ብሎ ቢወስን ሰውን ያስገድላል፤ በጠርሙሱ ላይ ቃሉን የጻፈው ሰው የማያውቀውን አንባቢ አምኖ ጽፏል፤ አንባቢውም የማያውቀውን ጸሓፊ አምኖ እጁን ይሰበስባል። ትርጓሜ የሚያድረው በዚህ እምነት ውስጥ ነው፤ ድምፁ ግን የእምነቱ መሸከሚያ ብቻ ነው። ሐሰት ኀጢአት የሆነበትም አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ የሚዋሽ ሰው አንድን ሰው ብቻ አያታልልም፤ ሁሉም በጋራ የሚጠጡበትን ጽዋ ይመርዛል።

ሌላው ተቃዋሚ ደግሞ ባቢሎንን ያመጣል፤ የልሳናት መለያየት ቅጣት ነው፣ የቃላትም መዘበራረቅ የዚያ ፍርድ ፍርስራሽ ነው ይላል። በባቢሎን የተፈረደው ትዕቢት እንደ ሆነ አምናለሁ፤ ነገር ግን በበዓለ ኀምሳ የሆነውን ልብ ብሎ ማየት ይገባል። መንፈስ ቅዱስ በወረደ ጊዜ ልሳናትን ሁሉ አጥፍቶ አንዱን የጥንት ልሳን አልመለሰም፤ ከጳርቴና ከሜድ፣ ከኤላሜጤና ከመስጴጦምያ፣ ከግብጽና ከሮም የመጡት ሁሉ እያንዳንዱ በተወለደበት ቋንቋ ሰማ። ፈቃዱ አንድ ልሳንን ማንገሥ ቢሆን ኖሮ ከዚያ ቀን የሚሻል ቀን አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ወደ ራሳችን ቃል ልለፍ፤ አውሮፓውያን በ«ጊፍት» ላይ ያደረጉትን እኛም በአንድ ቃላችን ላይ አድርገነዋልና። «ሀብት» በግእዝ «ወሀበ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም ስጦታ፣ ጸጋ ማለት ነው፤ ሀብተ መንፈስ ቅዱስ ሲባል መንፈስ ቅዱስ የሚሰጠው ጸጋ ነው፤ ሀብተ ማርያም፣ ሀብተ ሚካኤል የተባሉ ሰዎችም ስማቸው ስለ ተቀበሉት ስጦታ ይናገራል። በአማርኛ ግን «ሀብት» ስንል ገንዘብ፣ መሬት፣ ንብረት ማለታችን ነው፤ «ሀብታም» የምንለውም ብዙ የተሰጠውን ሳይሆን ብዙ የያዘውን ነው። ጀርመኖች ከስጦታ ወደ መርዝ፣ ስዊድኖች ከስጦታ ወደ ትዳር እንደ ሄዱ ሁሉ፣ እኛ ደግሞ ከስጦታ ወደ ንብረት ሄድን። ማንም ይህን አስቦ አልወሰነውም፤ ትውልድ በትውልድ ላይ ሲተካ፣ የያዝነውን የሰጠን ማን እንደ ሆነ መናገር እየቀረ ሲሄድ፣ ቃሉ ሰጪውን ጥሎ ንብረቱን ብቻ ያዘ። ሊቃውንቶቻችን በአንድምታ ጉባኤ አንዱን ቃል ይዘው «አንድም» እያሉ ትርጓሜውን በየወገኑ ሲዘረዝሩ፣ የተረሳውን ትርጓሜ ከሞት ያስነሡታል፤ ይህ ሥራ ከምናስበው ይልቅ የከበረ ነው።

ስጦታ በአንዱ ዘንድ ሕይወት፣ በሌላው ዘንድ ሞት መሆኑም ለቤተ ክርስቲያን አዲስ ነገር አይደለም። አግናጥዮስ ምጥው ለአንበሳ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት ቅዱስ ቍርባንን ሞትን የሚከለክል መድኃኒት ብሎ ጠርቶታል፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ግን ሳይገባው የሚበላና የሚጠጣ ሰው ፍርዱን እንደሚበላና እንደሚጠጣ የቆሮንቶስን ሰዎች አስጠንቅቋል። የሚሰጠው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ያለው በተቀባዩ ልብ ነው። በየደብሩ ኅብስቱ የሚዘጋጅበት ቤት «ቤተ ልሔም» ይባላል፤ የዕብራይስጡ «ልሔም» እንጀራ ማለት ሲሆን፣ የዐረብኛው ወንድሙ «ለሕም» ሥጋ ማለት ነው፤ እነዚህ ሁለቱ እንደ ኢጣሊያውና እንደ እስፓኙ «ቡሮ» በአጋጣሚ የተገናኙ አይደሉም፤ ሁለቱም የሰው ዋና ምግብ ማለት ከነበረ ከአንድ ሥር የወረዱ ናቸው። እምነታችን በዚህ የድምፅ ዝምድና ላይ አልቆመም፤ ቢሆንም ይህን አውቆ ወደ ቤተ ልሔም የሚመለከት ሰው የሚደሰትበት ምክንያት እንዳለው አልክድም።

ዛሬ በጀርመንና በስዊድን አገር ብዙ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን እያሳደጉ ይኖራሉ፤ በእነዚያ ቤቶች «ጊፍት» ሲባል መርዝ የሚሰማው ልጅና «ሀብት» ሲባል ገንዘብ የሚሰማው አባት በአንድ ማዕድ ይቀመጣሉ። ልጁ ቅዳሴውን በግእዝ ይሰማል፤ ስብከቱን በአማርኛ ይሰማል፤ የሚያስበውና የሚጸልየው ግን በተወለደበት አገር ቋንቋ ነው። አንዳንዶች የእግዚአብሔርን ነገር በባዕድ ልሳን መግለጥ ክብሩን መቀነስ ይመስላቸዋል፤ ይህ ግን ሳይታወቅ ወደ አውኖምዮስ አሳብ መጠጋት ነው፤ ቅድስናን በድምፁ ውስጥ ያኖረዋልና። አባቶቻችን መጻሕፍትን ከግሪክ ወደ ግእዝ፣ በኋላም ከግእዝ ወደ አማርኛ ሲመልሱ እግዚአብሔር ቋንቋ እንደማያጥረው አምነው ነበር፤ ግእዝንም የምናከብረው እነርሱ ያስረከቡን አደራ ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ በዚያ አገር ያላችሁ ካህናትና ወላጆች ሆይ፣ ግእዙንና አማርኛውን ለልጆቹ አስተምሩ፤ ትርጓሜውን ግን በሚያስቡበት ቋንቋ ንገሯቸው፤ በጀርመንኛም በስዊድንኛም ቢሆን አትከልክሏቸው።